አሥራ አምስት ጭረት

ዱሰልዶርፍ፣ ኅዳር ማታ። በመብራት ሒሳብ ደረሰኝ ጀርባ
ኮዙኤ በእርሳስ ትጽፋለች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ገና ከውጭ ገብታ።

ድምፁን ተስማምተናል፦ ናሆ።
እኔ ከቅዳሴ የቀረችኝን «ናሁ» ሰምቼበታለሁ፣
እነሆ ማለት ናት፤
በእኔ በኩል ያለቀ ጉዳይ ነው።
በእሷ በኩል ግን ገና መጀመሩ።
«ድምፅ ባዶ ቤት ነው» አለችኝ፣
«ማን እንደሚገባበት አልወሰንንም።»

«ይቺ ደቡብ ናት። ይቺ ደግሞ ሸራ፣ የጀልባ ሸራ።»
ደቡብ ስትል ቀና ብላ አየችኝ፣ ለእኔ መሆኑ ነው፤
ከዚህ ከራይን ዳር ሲታይ ሀገሬ ደቡብ ነው።
በመስኮት አየሁ። ወንዙ ላይ ሸራ የለም፤
ከሰል የጫነ መርከብ ብቻ፣ ከብዶት፣
እንደ ኮዙኤ ቀስ እያለ ወደ ሆላንድ ያዘግማል።

«ወይ ሰባት ሸራ።»
«ሰባቱን ማን ይወጥራል?»
«ወይ ይቺ፦ ጎመን።»
«ልጄን? ጎመን?»
የሀገሬ ሰው ጎመን በጤና ይላል እንጂ
ጎመን ብሎ ክርስትና አያነሳም።
ሳቀች። ሆዷም አብሯት ሳቀ።
«እየው እስቲ፦ ከላይ ሣር፣ ከሣሩ ሥር ጣቶች፣
ከጣቶቹ ሥር ዛፍ። የሚለቅም እጅ ነው።
ቀጥሎ ዛላ ይመጣል፣ የደረሰ የእህል ዛላ፣
አሥራ አምስት ጭረት፣
እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ተራ ያለው።»

ስልክ ጮኸ። አባቷ ናቸው፣ ከቶቶሪ፤ እዚያ ነግቷል።
ጭረቱን ከቤተሰቡ ስም ጋር ይደምራሉ፣
ይቀንሳሉ፣ ይተክዛሉ።
«ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ጣቢያ ነው የሠራው» አለች ስልኩን ሸፍና፣
«ሳይቆጥር እንቅልፍ አይወስደውም።»

እኔ ምትኩ ነኝ።
ስጠራ አብሮኝ የሚሰማ ልጅ አለ፣
ከእኔ በፊት በኩፍኝ የሄደ።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ እኛ ዘንድ፤
የኔው ለቅሶ ቤት ገብቶ ይሆናል፣ ተሳስቶ መንገድ፣
ደጃፉ ላይ የወደቀ ቃል አንስቶ
ለእናቴ ሰጣትና ወጣ።
ትርጉሙን ለኮዙኤ የነገርኳት ቀን
ስንት ጭረት ነው ብላ አልጠየቀችም።
እጄን ያዘች፣ ረጅም ጊዜ።

በመጨረሻ ጎመንና ዛላ ሆነ። ሽማግሌው ቆጥረው ፈቀዱ።

ታኅሣሥ ላይ መዝገብ ቤት፣ ቁጥር ወስደን።
ወይዘሮ ፍሬርክስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
አራት ቁልፍ ነካች፦ ኤን፣ አ፣ ሃ፣ ኦ።
በቃ።
ሣሩ ቀረ። ጣቶቹ ቀሩ።
የሽማግሌው ድምርና የኛ አሥር ማታ
ዣንጥላ ማስቀመጫው አጠገብ ቀሩ።
«ያምራል» አለች ሴትዮዋ። «ምን ማለት ነው?»
ኮዙኤ እኔን አየች፣ እኔ ኮዙኤን።
ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ጀርመንኛው ጠፋኝ፤
ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ
ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ማታ ሁለቱ ሲተኙ ደረሰኙን ከመሳቢያ አወጣሁ።
ጎመኑን እሷ ጽፋዋለች፣ ዛላው የኔ ድርሻ ነው።
በግራ እህሉን፣ በቀኝ እርሻ የሚመስለውን፣
ተራውን ጠብቄ፣ ምላሴን ነክሼ።

ጠዋት ኮዙኤ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አሥራ አንድ።
«ከሥር ያለውን ትተኸዋል።»
«ምን ነበር?»
«ልብ።»

እርሳሱ ዶልዱሞ ነበር።
ቢላ ፈልጌ ስቀርጸው
ናሆ ነቃች።