የኢርመሊ መብራት

ቴርሞሜትሩን ጠዋት ጠዋት አላየውም፤
ቁጥር ካነበብኩኝ እግሬ አይታዘዝም።
ጨለማ ውስጥ ቆሜ ካልሲ እደርባለሁ፣
አንዱን የሱፍ፣ አንዱን የጥጥ፣ ግራ ቀኙን እሳሳታለሁ።
ሚስማር የበቀለበት ጫማ፣ የግንባር መብራት፣
ጓንቴ ከማሞቂያው ጫፍ፣ ማታ ያሰጣሁት።
በሩን ስከፍት ብርዱ አፍንጫዬን ይቆነጥጣል፣
እንደ ክፉ አክስት «እስካሁን የት ነበርክ?» ይለኛል።

ካያኒ ተኝታለች፤ ወንዙ ብቻ ነቅቶ
ከድልድዩ በታች ያልጎመጉማል፣
ግማሽ ፊቱ በበረዶ ተሸፍኖ፣ ግማሹ ቀርቶ።

አሥራ አንድ ዓመት ሁለት ነበርን በዚህ መንገድ፤
ኢርመሊ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ሳንባዬ እንደ ወናፍ ሲነሣ ሲወርድ።
እሷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ እኔ የትምህርት ቤት ማሞቂያ ጠባቂ፤
እሷ ለወሬ ሰነፍ፣ እኔም ያው፣ አልፎ አልፎ ጠያቂ።
«በረዶ» ትላለች መታጠፊያው ጋ፤ ያ ነበር ጨዋታችን፣
የቀረውን የሚያወራው ጫማችን።

በታኅሣሥ ማለቂያ ግን ያንኑ ቃል ሳትጨርሰው
«በረ—» ብላ ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ሲሰበር
እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው ድምፁ፣ እስካሁን የምሰማው።
አምቡላንስ እስኪመጣ ኮቴን አለበስኳት፤
ተጋድማ ሰዓቷን አየች፤ «ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀራል» አለች፣ «ኡርፖ፣ አንተ ጨርሳት።»

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ» አለችኝ፣ ጄሶ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣
«በመስኮቴ ሥር እለፍ። መብራቴን ታየዋለህ። እንዳትል ችላ።»

ጥር ገባ። እዚህ ጥርን እንደ ቁም ሣጥን ነው የምንገፋው፤
ፀሐይ ለአራት ሰዓት ብቅ ብላ እንደ ባለዕዳ ናት የምትሸሸው።
እንቅልፍ እንደ ብልጥ ጠበቃ ሌሊቱን ይከራከረኛል፤
«ማን ያይሃል?» ይላል፤ «ብትቀር ማን ይከስሃል?»
አንድ ሰው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ግራ መስኮት፣ ቢጫ መብራት፤
ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ የምትበራ፣ ዝንፍ የማትል ናት።
እጄን አነሣለሁ። መጋረጃው ዝም። ኢርመሊን አውቃታለሁ፤
እጅ ማውለብለብ አትወድም፤ አየችኝ ብዬ አልፋለሁ።

በረዶ ጠራጊው ታርሞ ጥሩንባውን ነካ ያደርግልኛል፤
ውሻ የሚያንሸራሽሩት አሮጊት «እብድ» በሚል ዐይን ይሸኙኛል።

አንድ ቀን፣ በየካቲት፣ ሬዲዮው
ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ብሎ ሰው ሲያስደነብር፣
ሳል ደረቴን ሲያርሰው፣ አየሩ መርፌ ሆኖ ጉሮሮ ሲሰረስር፣
አልሮጥኩም። ተራመድኩ፣ እንደ ሌባ፣ አንገቴን ቀብሬ፣
እስከ መስኮቷ ድረስ፤ ውሸታም እንዳልሆን ብቻ፣ በእግሬ።
መብራቱ በርቷል። «ይቅርታ፣ ኢርመሊ፣ ዛሬ በቀስታ ነው» አልኩት
ለመስታወቱ። ቅንድቤ ላይ የረጋውን በጓንቴ ጠረግኩት።

መጋቢት ሲጋመስ፣ ጣራው ጠብ ጠብ ሲል፣ በከዘራ ወርዳ
ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ፣ እንደ እንግዳ።
«መብራትሽን ባልፈራ ኖሮ አንድም ቀን አልነሣም ነበር» አልኳት፤
«ስንት ሌሊት ነቃሽ ለእኔ ብለሽ?» ዐይኗን ጨፍና ሳቋ መጣባት።
«ምን መንቃት አለ? ሠላሳ ሁለት ዓመት ለሰው ልጅ ስነቃ ኖሬያለሁ፤
መብራቱ ሰዓት ቆጣሪ አለው፣ ለገና ኮከብ የገዛሁት።
እኔ እስከ ሦስት ሰዓት እተኛለሁ።»

ዝም አልኩ። ሠላሳ አራት ጠዋት ቆጠርኩ በልቤ፤
ለአምፖል እጅ ስነሣ ከርሜ፣ ለሽቦ ችግሬን ሳስረዳ ቀርቤ!
ልቆጣ አሰብኩ። ቁጣው እንደ ጣራው ጠብ ጠብ አለና አለቀ፤
ሳቅ ከሆዴ ተነሥቶ ያን የሠለጠነ ሳንባዬን አስጨነቀ።
«መጣህ አይደል?» አለች፣ ከዘራዋን በጣቷ እያሽከረከረች።

ዓርብ ጠዋት መብራቱ አልበራም። ቆጣሪውን ነቅላዋለች።
እጄን ግን አነሣሁ፣ ልማድ ነውና፣ ለጨለመው መስኮት፤
መጋረጃው ተነቃነቀ። ወይ እሷ ናት፣ ወይ ድመት።
ቆሜ አላጣራሁም፤
ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀረኝ ነበር።