ቁጥር ሠላሳ ስድስት

ወፍ ሳይንጫጫ ገባሁ፣ መጥረጊያዬን ይዤ፣
እንደ ወትሮው ዓርብ፣ እንቅልፌን አርግዤ።
ማኒላ ስትነቃ አፏ የሚሸተው ናፍጣ፣
የእኛ ደጅ ግን ሰም ነው፣ በቢላ ፍቄ የማወጣ፤
ቀዩ ለፍቅር የበራ፣ ቢጫው ለፈተና፣
ጥቁሩን አልጠይቅም፣ የሰው ጉድ ነውና።

ከሦስተኛው አግዳሚ ሥር፣ ከማርያም ሐውልት እግር፣
የጫማ ሣጥን አየሁ፣ የታሰረ በነጭ ክር፣
በጥንቃቄ፣ በልኩ፣ እንደ ልደት ስጦታ፤
ከጎኑ ወረቀት አለ፣ የሱቅ ጽሕፈት በተርታ፦
የተማሪ። ጥቁር። ቁጥር ሠላሳ ስድስት።

ፈታሁት።

የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ጣት ነበረው።
ቆጠርኩት። አራስ ስትነቃ አስቀድማ የምትቆጥረው
እሱን አይደል? አሥር ነበር፣ የሩዝ ፍሬ የማያህል፤
የሠራው እጅ፣ ትንሽ ነው ብሎ አልቸኮለም፤ አላለም፦ «ይበቃል»።

አባ ኔሜሲዮ መጡ፣ ልብሰ ተክህኖ እንደደረቡ፤
አዩና ዝም አሉ፤ ሦስት ጊዜ አማተቡ።
«ከግንቡ ጥግ፣ ከሙዙ ሥር፣ አንቺው አሳርፊው» ብለው
ሄዱ፤ መቁጠሪያቸው ወድቆ ነበር፣ እኔው ነኝ ያነሣሁላቸው።
ስም የሌለው ሰው አልቀብርም ብዬ «ታላ» አልኩት፤
በእኛ ቋንቋ ኮከብ ነው፣ እንዲታይ መምሸት ያለበት።

በዘጠኝ ሰዓቱ ቅዳሴ ሕዝቡ ጢም ብሎ ሞላ፤
ማራገቢያው ይንቋቋል፤ ላብ ያወርዳል የሰው ገላ።
አባ ከአትሮኖሱ ላይ፦ «ነፍስ» አሉ፣ «የፈጣሪ አደራ ናት፤
ገና በማኅፀን ሳለች ነው በስሟ የሚያውቃት።»
አሜን አልኩ። ከልቤ ነው፤ በእጄ የያዝኩትን አውቃለሁ።
ቀጥሎ ግን «ነፍሰ ገዳይ!» ሲሉ፣ ድምፃቸው ጣራ ሲነካ፣ ሰማሁ
ከፊቴ አንድ ትንፋሽ ሲበጠስ፣ እንደ ክር።

ተንበርክካለች። የጫማዋ ሶል ወደ እኔ፣
አዲስ፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተላጠ፤ ቁጥሩን አነበበ ዓይኔ።

አወቅኳት ያኔ። አወይ እኔ!

ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ዶፍ ይወርድ ነበር በምሽት፤
ከበሩ ቆማ፣ ደብተሯን በጉያዋ ሸሽጋ፣
«አባን አገኛቸው ይሆን?» ስትለኝ በፍርሃት፣
እኔ መወልወያ ተደግፌ፣ ወገቤ እየጠዘጠዘኝ፣
«ወለሉ እርጥብ ነው፣ ነገ ነይ» አልኳት። ምን ነካኝ?
ነገማ ከደጃችን ማዶ አሊንግ ባሲያ ነበረች፣
ዣንጥላዋን ዘርግታ፣ መራራ ሥር በጠርሙስ የቸረቸረች፤
የእሷ ወለል ረጥቦ አያውቅም፤ «ነገ ነይ» አትልም ለማንም።
ታዲያ ዛሬ «ገዳይ» ሲባል፣ እኔ ወደ ልጅቷ አላየሁም፤
መጥረጊያዬን አየሁ።

ጉልበቴ እየጮኸ ወርጄ፣ ከጎኗ ተንበረከክኩ፤
«ከሙዙ ሥር ነው» አልኳት በሹክሹክታ፣ «በንጹሕ መሀረብ ሸፍኜ ቀበርኩ፤
ስሙ ታላ ነው።»
አላለቀሰችም። ከንፈሯን ነከሰች፣ እስኪነጣ።
ብዙ ቆየች፤ ስብከቱ አለቀ፤ የምጽዋት ሙዳዩ ዞሮ መጣ፤
«ጣት ነበረው?» አለችኝ።

ምን ልበላት?
የለም ብል እሱን እክደዋለሁ፤ አዎ ብል እሷን እወጋታለሁ፤
ሁለቱም በአንድ ደም የተገዙ፤ ታዲያ ለየትኛው እሆናለሁ?

እጇን ያዝኩት። የበረደ፣ ቀለም የነካው የተማሪ እጅ።
ከአውራ ጣቷ ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እንደሚቆጠር የአራስ ልጅ፣
አንዱን ሳልዘል፣ ቀስ ብዬ፣ እስከ አሥር።

ሕዝቡ ለ«አባታችን ሆይ» ተነሣ። እኛ ተንበርክከን ቀረን።

ያን ማታ ወለሉን ሳልወለውል ቀረሁ።