የሙዛ ቆጣሪ

ሰኞ ጠዋት ቢንዱ፣ የሆስፒታሏ ልጅ፣
ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ዕቃ ሰጠችኝ በእጅ።
"ሰባት ቀን ታስሪያለሽ በሙዛ ወገብ ላይ፣
ስትታጠብ ብቻ ነው ከገላዋ የሚለይ።
የተራመደችውን፣ የተቀመጠችውን
ደቂቃ በደቂቃ ይጽፋል ሁሉን።
አንቺ ደግሞ በደብተር ሰዓቱን አስፍሪ፣
የታሰረበትን፣ የተፈታበትን፣ አንድ ሳትስቺ ቁጠሪ።"

ሙዛ ስምንት ዓመቷ።
ስሟን እዚህ ሙሐረቅ ዕንቁ ነው ይሉታል፤
እኛ ጋ ግን ሙዝ ነው። ይህን ስነግራት ሳቋ ይፈነዳል፣
በጣሪያችን ዝቅ ብሎ የሚያልፈውን አውሮፕላን ድምፁን ይውጠዋል።

ስትወለድ ጀርባዋ፣ ከጎድኗ በታች፣
አከርካሪዋ ሳይገጥም፣ እንደተከፈተ መጣች።
በማግስቱ ሰፉት።
ማታ ቅባት ስቀባት ጠባሳውን በመስታወት አሳያታለሁ፤
እንደ ተከደነ ዐይን ነው።
"ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው" ትለኛለች።

በመጀመሪያው ቀን
በክራንቿ፣ ግድግዳ ታክካ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣
ከአልጋዋ ሳሎን ደረሰች፣ አንዴ ወድቃ፣ እኔ እጄን ሳላነሣ።
ማዳም ሂሳ ማታ ስልኳን ከፍታ አነበበች፤
"አርባ አንድ እርምጃ።" ሌላ ቃል ሳትጨምር ክፍሏ ገባች።

በሁለተኛው፣ ከመግሪብ በኋላ፣
አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ሲለጠፍ፣
በወንበሯ ወጣን ወደ ባሕሩ ጠርዝ።
ልግፋሽ ብዬ እጄን ብሰድ "ኻሊ!" ብላ መታችኝ።
ጎማውን በመዳፏ እየገፋች፣ እየገፋች
የዓሣ ጀልባዎቹ እስከታሰሩበት፣
መዳፏ በርበሬ እስኪመስል ነዳችው።
ቆጣሪው ግን ያለው ወገቧ ላይ ነው፤
ወገቧ ደግሞ ተቀምጧል።
"ዕረፍት" ብሎ ጻፈው።
አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ዕረፍት።

ሐሙስ ሳጥባት ፈትቼ በሽርጤ ኪስ ከተትኩት፤
ከዚያ እንግዳ መጣ፣ ረሳሁት።
ደረጃ ወለወልኩ፣ ልብስ ጣሪያ ላይ አሰጣሁ፣ ሩዝ አማሰልኩ፣
ለሻይ፣ ለውሃ፣ ለበር፣ ለስልክ ተላላክኩ።
ማታ ማዳም ጮኸች፦ "ዐሥራ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ!"
አያቷ ተጠሩ፤ ሐልዋ ታዘዘ፤
ሽማግሌው መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ፣ እንባቸው ፈሰሰ።
ሙዛ እኔን አየችኝ። እኔ ኪሴን ዳሰስኩ።

"ማዳም፣ ያ እግር የኔ ነው።"
ቁጥሩን አየች። እግሬን አየች። እንደገና ቁጥሩን።
ሐልዋው ግን ደርሶ ነበርና በላነው ሁላችን፣ ዝም ብለን።

ዓርብ ሙዛ ራሷ ፈታችው፤
ከወገቧ አንሥታ ክንዷ ላይ አሰረችው።
ቢንዱ ጋ ደወልኩ። "ጥናቱ ይበላሻል" አለች።
ቆይታ ደግሞ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
"ደብተሩ ላይ ጻፊው።"

ያልነገርኳት አለ።
ከሚሴ፣ እናቴ ከኔ በኋላ የወለደችው ወንድሜ
ጀርባው እንዲሁ ክፍት ነበር።
የሚሰፋ እጅ አልተገኘም። ዐሥራ አንድ ወር ኖረ።
ደብተር አልነበረንም፤ ስንቴ እንደሳቀ አላውቅም።

የዚህ ቤት ደብተር በአማርኛ ነው፤ ቢንዱ አስተርጓሚ ትፈልግለት።
የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦
እሑድ፣ ከመግሪብ በኋላ። ሙዛ ጎማዋን
ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት ጊዜ ገፋች።
ራሷ ናት የቆጠረችው፤
እኔ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣
ሁለቴም ከአንድ አስጀመረችኝ።