የተበላሸ

ነዚፍ አባ ሜጫ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
በሦስት እግር በርጩማ፣ ታይፑን ታቅፎ ሲኖር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አቤት ጻፈ፤
የተገፋ ድንበር፣ ቀለብ የታለፈ፣
በመዝገብ ተሳስቶ «ሟች» የተባለ ሰው፣
ሁሉም እሱ ደጅ ነው ተራ የሚጠብቀው።

የታይፑ «እ» ተሰብሯል። ድሮ ነው የተሰበረ።
«እኔ አመልካች» ሲል «ኔ አመልካች» ይላል፤
ወረቀቱን ስቦ፣ እስክሪብቶ ነቅሎ፣ «እ»ዋን በእጁ ይሞላል።
ስንቱ ነው ጅማ ላይ «እኔ» ያለው ቀና ብሎ፣
ፊደሏን ከሱ እጅ በብድር ተቀብሎ።

አንድ ማክሰኞ ተነሣ። ታይፑን ከደነው።
«ፓርላማ ልገባ ነው።»
ሄርማታ ሳቀበት። ባጃጅ ነጂው ሁሉ ጡሩንባውን ነፍቶ፣
«ክቡር እንደራሴ!» አለው እጅ ነሥቶ።

ፓርቲ የለው፣ መኪና የለው፣ ድምፅ ማጉያ የለው፤
ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ብቻ ነበር ያለው።
በበልጉ ዝናብ ውስጥ፣ ጅሬን ዳገት ወጥቶ፣ አዌቱን ተሻግሮ፣
ፊርማ ለቃቀመ፣ በር እያንኳኳ፣ ቆሞ ተከራክሮ።
ዳንጪሌ ከመጋዘን፣ ኬሻውን አውርዶ፣ በአውራ ጣቱ ፈረመ፤
ቡሰይራ በርበሬ ባቀላው ጣቷ፣ ማህተም ደገመ።
ፀጉር ቆራጩ ሻሾ፣ ምላጩን እንደያዘ፣
«እዚያ ሄደህ ምን ልትሠራልን ነው?»
«ሠላሳ ዓመት የጻፍኩትን» አለ፣ «ማን እንደሚያነበው
ሄጄ ላየው።»

እኔም ቤት መጣ። አስተማሪ ነኝ።
«ነገ» አልኩት።
የኔን ነገ ያውቀዋል፤ አላስቸገረኝም፤
ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ።

አሥራ አንድ ጎደለ።
አሻራ ዝናብ ነክቶት፣ ቀለም ተንጠባጥቦ፣ ተሰረዘ ተባለ።
«ቅሬታ ካለዎት» አለች ጸሐፊዋ፣ «ማመልከቻ ይጻፉ።»
ጻፈ። ምን ያቅተዋል! «እ»ዋንም ሞላ።
መልሱ አልመጣም፤ ምርጫው መጣ፣ ዝናብ አስከትሎ ኋላ።

ሰኔ። ሌሊት ስድስት ሰዓት። መብራት ጠፍቶ፣ በባትሪ፣
አራተኛ «ለ» ክፍል፣ እኔ ነበርኩ ቆጣሪ።
ወረቀት እዘረጋለሁ፣ ምልክት እጠራለሁ፣
ታዛቢው ራሱን ይነቀንቃል፣ ደርቤ አስቀምጣለሁ።
አንዱን ብከፍተው፣ ምልክት የለበትም፣ ከላይ እስከ ታች፤
ከግርጌው፣ ባዶው ላይ፣ አንዲት ስም ተቀምጣለች፦
ነዚፍ።
«የተበላሸ» አልኩ።
ሌላ መጣ፣ በቁቤ። ሌላ፣ «ነ» ላይ «ዘ» ተጭኖ።
ሌላ፣ ከነአባቱ፣ ከነቀበሌው፣ ማመልከቻ ሆኖ።

አንዱ ላይ ስም የለም።
«እ» ብቻ።
ወረቀቱን ሙሉ ይዛ፣ አንገቷ ተጣምሞ፣
ጽፎ በማያውቅ እጅ፣ ሲሠሩለት አይቶ፣ በዓይኑ ያጠናት።
ባትሪውን አስጠግቼ ቆየሁ።
«ምንድነው?» አለ ታዛቢው።
«የተበላሸ» አልኩ።

አርባ ሦስት ናቸው። ቅጹ ላይ ሞላኋቸው።
ፈረምኩ። ከረጢቱን አሸግኩ። ቤቴ ገባሁ፣ አልተኛሁም።

ሰኞ አጥሩ ሥር ሄድኩ፤
የቆየች የዝውውር ጥያቄ ነበረችኝ።
ታይፑ ተከፍቷል። የበርጩማው አንድ እግር ድንጋይ ተተክሎለታል።
ስንት እንደሆኑ ልነግረው አፌ ላይ ደረሰ፤
ዋጥኩት። አስተማሪ ነኝ።
እሱም አልጠየቀኝ። ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ፣ ወደ ሥራው ገባ።
ሲጨርስ ወረቀቱን ስቦ፣ ወደኔ አዞረው።
«ኔ አመልካች» ይላል።

እስክሪብቶውን ሰጠኝ።