ከኋላ የተጀመረ ደብተር

የዱቤ ደብተሬ ከፊቱ ሲከፈት፣
የኸይሩ እጅ ጽሑፍ፣ የኸይሩ ቀይ ምልክት፦
ግማሽ ሊትር ዘይት፣ አንድ ፍሬ ሳሙና፣
ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ ሻማ እንደገና።
ስንት እንደበላሁ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤
ስንት እንደሠራሁ ከነቀኑ አልፏል።

ኮዬ ፈጬ ዳር ነው፣ ከተማው ያለቀበት፣
ጤፍና ብሎኬት ድንበር የሚጋፉበት፤
ባንድ ወገን በሬ፣ ባንድ ወገን ክሬን፣
ነፋስ ሳያዳላ አቧራ የሚያለብሰን።
ሦስት ዓመት አሸዋ በጫንቃዬ አወጣሁ፤
የወጣሁትን ፎቅ ብቆጥር ልክ አጣሁ።
ማታ ደብሪቱ ጋ ፍራሽ ላይ ስጋደም፣
«ዛሬ ምን ሠራሽ?» ስትል፦ «ኧረ ምንም፣ ምንም።»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጎንፋ አየኝና
መለሰኛ ሰጠኝ፦ «ሞክሪ ያዢና።»
የረጨሁት ሁሉ ተመልሶ እግሬ ላይ፤
ጎንፋ ግን አልሳቀም፤ አለኝ፦ «ነገም እናይ።»

የዚያን ዕለት በግንበኛ እርሳስ፣
ገና ባልተለሰነ ብሎኬት ላይ፣ በበሩ ጥግ፣
«አንድ ክንድ በአንድ ክንድ። ጠማማ። የእኔ» ብዬ ጻፍኩ።
በማግስቱ «ሁለት»። ዓርብ «ሦስት፤ አንዱ ወደቀ።»
ቅዳሜ «ስድስት፤ ውሃ ልኩ ታረቀ።»

ግን ያም ግድግዳ ነው፤ የልስን ቀን ደረሰ፤
የስድስት ሳምንት ቁጥር በእጄ ተደመሰሰ።
ነገ እዚያ ቤት የሚገባ ሰው አልጋውን ያስጠጋበታል፤
ከቀለሙ ሥር ያለችውን «ጠማማ፣ የእኔ» ከየት ያውቃታል?
ልስን ካማረማ ዓይን አያየውም፤
የጠመመውን ግን ማንም አያልፈውም።

ያን ማታ የኸይሩን ደብተር ገለበጥኩት፤
ከመጨረሻው ገጽ ወደ መሃል ጀመርኩት።
«ሰኞ፦ ዘጠኝ ካሬ። ጥግ አልወጣልኝም።
ማክሰኞ፦ አሞኝ ቀረሁ። ይጻፍ፤ ግድ የለኝም።
ረቡዕ፦ ጥግ ወጣልኝ!» (ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩ።)
«ሐሙስ፦ ሲሚንቶ አልመጣም። ቱምቢ ማንጠልጠል ተማርኩ።
ዓርብ፦ ጎንፋ መጣ፤ በመዳፉ ዳበሰው፤
ምንም አላለም። እሱ ዝም ካለ፣ ቀጥ ያለ ነው።»

ክንዴ ያው ክንዴ ነው፤ አልጨመረም ጡንቻ፤
ቀኑም ያው አንድ ቀን፣ አሥር ሰዓት ብቻ፤
ግን ማታ የምጽፋት አንዲት መስመር ስላለችኝ፣
ጠዋት ደረጃው ላይ እሷ ቀድማ ጠበቀችኝ።
ድሮ ቀኑ ነበር በጆሮዬ የሚጎትተኝ፤
ዛሬ እኔ ነኝ፦ «ና እንጂ! ምን ታስጠብቀኛለህ?» የምለው።

ወሩ ሲያልቅ ኸይሩ ደብተሬን ተቀብሎ፣
ሳያውቅ ከኋላ ከፈተው፤ አነበበ ዝም ብሎ።
«የምን ዕዳ ነው ይሄ?» አለኝ መነጽሩን ገፍቶ።
«ዕዳ አይደለም» አልኩት።
ሌላ ቃል አልመጣልኝም።
ጥቂት አሰበ። ከዚያ እንደ ልማዱ እስክሪብቶውን አነሣ፤
ከላይ እስከ ታች ደመረው፤ አንድም መስመር አልረሳ፦
«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ካሬ» ብሎ በቀይ አሰመረበት።
ከዘይቱ ዋጋ ግን አንድ ብር አልቀነሰልኝም።

መሃል ላይ አሥራ አንድ ባዶ ገጽ ቀርቷል፤
ከፊት የኸይሩ ዕዳ ቀስ እያለ ይመጣል፤
ከኋላ እኔ እመጣለሁ፣ በጭቃማ ጣቴ።
ማን እንደሚቀድም እንጃ።

ዛሬ ማታ መብራት የለም። ደብሪቱ በጨለማው፦
«ምን ሠራሽ?» አለች፣ ለወጉ ያህል፣ ዓይኗን ጨፍና።
«ቆይ፣ አትተኚ» አልኳት፤ ደብተሩን ገለበጥኩና፤
«ባትሪውን ያዢልኝ።»