ደሴ፣ ሰኔ ሃያ ሰባት

ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ ቆርቆሮው በዝናብ ሲያወራ፣
የሰላም ጓዱ ሚስተር ኬለር፣ ርችቱ ረጥቦ እምቢ ቢለው፣
በለስላሳ ጠርሙስ አንድ ሻማ አበራ።
«ዛሬ ላገሬ የነጻነት በዓሏ ነው።»
«ነጻ የወጣችሁት ከማን?»
«ከእንግሊዝ።»
«እሱስ ነጭ አይደለም እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
«ሳንጠየቅ ቀረጥ ጣሉብን፤ የሻዩ ሲጨመር ትዕግሥት አነሰ፤
ከነሣጥኑ ባሕር ወረወርነው።»

እንድሪስ ይማም አልሳቀም። አባቱ ቦርከና ዳር የሰው መሬት ያርሳል፤
እኩሌታውን ሰፍሮ፣ በገዛ አህያው ጭኖ፣ ባለርስቱ ደጅ ያደርሳል።
ተነሣና፦
«መምህር፣ ሻይ ባሕር ቢገባ ጦሙን የሚያድር የለም፤
እኛ ማሽላውን ብንጥል ግን...»
አልጨረሰም።

ሚስተር ኬለር አፉን ከፈተ።
አማርኛው አልበቃውም፤
እንግሊዝኛውም።