ከጀርባ የሚሮጡ

ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ፣ ከባቡር ጣቢያው ዳር፣
አንዲት ኮምፒውተር አለች፣ ለአምስት ሰው የምታድር።
ሁሉም በየስሙ ገብቶ፣ ሲነሣ ወጣሁ ይላል፤
ወጣሁ ያለው ግን ከጀርባ እየሠራ ይውላል።

የኔጃት ዘፈን ድምፁ ተዘግቶ ለራሱ ያዜማል፤
የጉሌድ ፊልም ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ይወርዳል፣
ሰማንያ ሦስት ከመቶ ላይ
እንደ ግመል ተንበርክኮ ያመነዥካል።
የአቶ ሽመክት ሠንጠረዥ ሳይቀመጥ፣ ሳይዘጋ፣
እሳቸው ቤት ገብተው ተኙ፤ እሱ ቆሞ አነጋ።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድሬ በሯን ዘግታ ስትተኛ፣
ማራገቢያው ብቻ ያቃስታል እንደ ወባ በሽተኛ።
ዋናው የይለፍ ቃል እኔ ጋ ነው፤ እኔ ነኝ ዘበኛ።

ዝርዝሩን ከፈትኩ፦ ማን ምን ያህል እንደ በላ፣
ማን ቤቱ ተኝቶ ሜሞሪውን እንደ ሞላ።
የኔጃትን አጠፋሁ።
የጉሌድን... ይቅር በለኝ ጉሌድ።
ለአቶ ሽመክት ደወልኩ፦ «አስቀምጪልኝ!» አሉና
የይለፍ ቃላቸውን ጮኸው ነገሩኝ፣
ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ከሁሉ በታች አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ቀረች፣
የሂርጶ ሥራ።
እሱ ደወሌ ከወረደ ሁለት ዓመት አለፈች።
ማሽኗ በተከፈተች ቁጥር ማንም ሳይጠራት ትነሣለች፤
ማክሰኞና ዓርብ ማታ መስኮት ከፍታ፣
«ዛሬ ውኃ ይመጣል፣ በርሜል አውጡ» ትላለች።
ኔጃት አይታ ለእናቷ፣ እናቷ ለጎረቤት፣
ጄሪካን ይንኳኳል እስከ ደቻቱ አፋፍ፣ ቤት ለቤት።

ጣቴ «አጥፋ» ላይ ደርሶ ነበር።
ዛሬ ዓርብ ነው።
ምን ትበላለች?
ትሩጥ።